አንድ ቀን በጀልባ፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወዲያ



ወደብ የሚለው ቃል ሲነሣ በሰው አሳብ ፈጥኖ የሚመጣው ውሃ ነው። በሞጆ ግን ወደቡ አለ፤ ውሃው የለም። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ አዳማ የሚሄደውና ወደ ሀዋሳ የሚወርደው መንገድ በሚለያዩበት ከተማ፣ ከጅቡቲ በባቡርና በከባድ መኪና የመጣው ኮንቴይነር በደርብ በደርቡ ተከምሮ የጉምሩክ ወረቀቱ እስኪያልቅለት ድረስ ተራውን ይጠብቃል። ሥፍራው ደረቅ ወደብ ተብሏል፤ ስሙም ከእውነቱ አልራቀም። በበጋ ከዚያ ቆሞ የሚመለከት ሰው ዐይኑን የሚሞላው አቧራና ብረት ነውና።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ሞጆ ወርዳችሁ ይሆናል። የወረደው ሰው ጉዳዩን ከፈጸመ በኋላ ምሳውን በልቶ በመጣበት መንገድ መመለሱ የተለመደ ነው። እኔ በዛሬው ንግግሬ የማመለክታችሁ፣ ከዚያው ከሞጆ ፊትን ወደ ደቡብ ቢያዞሩ ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ላይ፣ ጀልባ ለብቻ ተከራይቶ ሙሉ ቀን በውሃ ላይ የሚዋልበት ሐይቅ መኖሩን ነው። ሐይቁ ዝዋይ ነው፤ በኦሮምኛ ደንበል ይባላል፤ ዝዋይ ስትባል የኖረችው ከተማም ዛሬ ባቱ ትባላለች።

«የባሕር በር የሌለው ሀገር ሰው ስለ ጀልባ ሽርሽር ምን አገባው?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። በርግጥ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ምጽዋና አሰብ የነበሩን ሰዎች ነን፤ ዕድሜው የገፋ የመንግሥት ሠራተኛም ከአሥመራ ወደ ምጽዋ ወርዶ በጨው ውሃ የታጠበበትን ጊዜ ያስታውሳል። ነገር ግን ባሕር የሚለው ቃላችን ጨዋማውን ውሃ ብቻ የሚያመለክት ሆኖ አያውቅም። ባሕር ዳር ስሟን ያገኘችው ከጣና ዳር በመሆኗ ነው። ይልቁንም ነገሩ አንዳንድ ጊዜ ተገላብጦ ይገኛል፤ በ2005ና በ2006 ዓ.ም. ከቻይና የተረከብናቸው የንግድ መርከቦች ሀዋሳ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ፣ ጅግጅጋ እየተባሉ በሀገር ውስጥ ከተሞች ስም ተሰይመው ነበር። ወደባችን በየብስ ከሆነ፣ መርከቦቻችንም የየብስ ከተማ ስም ከያዙ፣ እኛም በየብስ መካከል ጀልባ ብንሳፈር የሚያስነውር ነገር አይሆንም።

ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል። ጊዜ ያለው ሰው ግን በአሮጌው መንገድ ቢሄድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቆቃን ሳያይ አያልፍም። የቆቃ ሐይቅ ተፈጥሮ የሠራው አይደለም። ጣሊያን ለጦር ካሣ በከፈለችው ገንዘብ የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ፣ በ1952 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ የተኛ ውሃ ነው። ገላውዴዎስ ሐይቅ የሚል ስምም ተሰጥቶት ነበር። ከግድቡ የሚገኘው 43 ሜጋ ዋት ኃይል በዚያን ጊዜ ለአዲስ አበባ ታላቅ ነገር ነበር፤ በዳርቻውም የገሊላ ቤተ መንግሥት ተሠርቷል። ሆኖም ከደጋው የሚጠረገው አፈር በየክረምቱ ወደ ሐይቁ እየገባ የያዘውን ሥፍራ በደለል ሲሞላው ኖሯል። እምቦጭ የተባለው አረምም በሀገራችን በመጀመሪያ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ ቆቃ ነው፤ ይኸውም በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ይህን የምናገረው ጉዟችሁን ለማክበድ አይደለም፤ ወደ ፊት ስለ ዝዋይ የምለው ነገር ስላለኝ ነው።

ከዝዋይ ሌላ በዚሁ አቅጣጫ የጀልባ ሥፍራ ጠፍቶ አይደለም። የቢሾፍቱ ሐይቆች ቅርብ ናቸው፤ ግን በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ጀልባው ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ላንጋኖ ለመዋኘት ከሁሉ ይበልጣል፤ ውሃው ቀይ ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትምና። ዝዋይ ግን የሚሄዱበት ቦታ ያለው ሐይቅ ነው። ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላ የሚባሉ አምስት ደሴቶች በውስጡ ይገኛሉ። ጀልባ ላይ መውጣት ብቻውን አንድ ደስታ ነው፤ ጀልባ ላይ ወጥቶ አንድ ቦታ መድረስ ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ አደራረጉ ልግባ። ጀልባ ለብቻ መከራየት የባለጠጋ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው አለ። በአንድ ክፍል የሚሠሩ ስድስት ወይም ሰባት ባልደረቦች ከነቤተሰባቸው እንደ ዕቁብ አዋጥተው ቢሄዱ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወጪ በአንድ ቅዳሜ በየቡና ቤቱ ከሚወጣው ብዙ አይበልጥም። አየር መለወጥ የምንለው ነገር እኮ ለብዙዎቻችን ከቢሮ ወንበር ተነሥቶ ወደ ቡና ቤት ወንበር መዛወር ብቻ ሆኗል። ከጀልባው ባለቤት ጋር ዋጋውን፣ የሚደረስበትን ደሴት፣ እዚያም የሚጠበቅበትን ሰዓት ገና ከየብስ ሳይነሡ መነጋገር ይገባል። በውሃ መካከል የሚደረግ ክርክር ለማንም አይበጅም። ላይፍ ጃኬት የሚባለው ተንሳፋፊ ሰደርያ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናትም በልካቸው መኖሩን ሳያዩ መሳፈር አይገባም፤ ከሌለ፣ አፍሮ ዝም ከማለት ጠይቆ ሌላ ጀልባ መፈለግ ይሻላል። መነሻው ከጧቱ አንድ ሰዓት ቢሆን መልካም ነው። ጧት ሐይቁ እንደ መስታወት የረጋ ነው፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣበታል።

ሐይቁን ከዳር ሆኖ ማየትና ዳሩን ከሐይቁ ሆኖ ማየት አንድ አይደለም። ከባቱ ዳርቻ ለቆመ ሰው ዝዋይ ሰማያዊ ሜዳ ነው። ጀልባው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከገባ በኋላ ግን ዙሪያው ይገለጣል። በስተ ምሥራቅ የአርሲ ተራሮች በደመና ታጥቀው ይቆማሉ፤ ከእነርሱ የሚነሣው የቀታር ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል። በስተ ምዕራብ ከጉራጌ ደጋ የሚወርደው የመቂ ወንዝ አለ። በስተ ደቡብ፣ በዝዋይና በላንጋኖ መካከል፣ አሉቶ የተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ይታያል፤ በሀገራችን ከምድር ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጨት የተጀመረው በዚያ ነው። በቅርብ ደግሞ ቄጠማውና ደንገሉ፣ ዓሣ ከሚራገፍበት ሥፍራ እንደ ሽማግሌ ጐብጦ የሚጠብቀው አባ ኮዳ፣ በመስመር ተሰልፈው ውሃውን እየጨለፉ የሚሄዱት ፔሊካኖች፣ ዕድል ከቀናም ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ የሚታዘብ ጉማሬ ይታያል። ጀልባ ነጂዎቹ ከጉማሬ ርቀው ያልፋሉ፤ «ትንሽ ቀረብ በል፣ ፎቶ ልናነሣ ነው» ብሎ ማስቸገር የማይገባ ነገር ነው።

ዐይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም ሥራ አለው። በጧቱ ጸጥታ ድምፅ በውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፤ ከዳር የሚሰማውም የወፍ ድምፅ ብቻ አይደለም። ፓምፕ ነው። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል፤ ቱቦዎቹም ከሐይቁ አፍ ጀምረው ወደ ቲማቲሙና ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ተዘርግተው ይታያሉ። ከባቱ አጠገብ ያለው የአበባ እርሻ ነጭ የፕላስቲክ ቤቶች ከሩቅ ሲታዩ፣ እንግዳ ሰው ሌላ ሐይቅ ያገኘ ይመስለዋል።

እኔ በተሳፈርሁበት ዕለት ጀልባ ነጂው ከዳር ብዙ ርቀን ሳለ ሞተሩን አጠፋና ረጅሙን መግፊያ እንጨት ወደ ውሃው ሰደደው። እንጨቱ ሳይርቅ ጭቃ ነካ። ሲያወጣው እርጥቡ ከደረቱ እምብዛም አላለፈም።

«ይህን ያህል ሩቅ መጥተን ጥልቀቱ ይህ ብቻ ነውን?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ይህ ሐይቅ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም» አለኝ፤ «ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ ማለት ነው።»

አባባሉን ከመጻሕፍት ጋር ሳስተያየው ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ዝዋይ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ከሁሉ የጠለቀው ቦታ 9 ሜትር ገደማ፣ አማካይ ጥልቀቱም 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዚያው በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። ከሻላ ግማሽ ሜትር ቢጐድል ማንም ላያውቅ ይችላል፤ ከዝዋይ ግማሽ ሜትር ቢጐድል ግን ከውሃው አምስተኛው እጅ ሄደ ማለት ነው። ዳሩም ሜዳ እንደ መሆኑ መጠን፣ ውሃው በቁመት ጥቂት ሲወርድ በወርድ ብዙ ይሸሻል፤ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት ቄጠማም በየብስ ይቀራል። በዚህ ላይ ፀሐይና ነፋስ በዓመት ከሐይቁ የሚወስዱት ውሃ በላዩ ከሚዘንበው ዝናም እጥፍ ይበልጣል። ሐይቁን የሚያኖሩት ሁለቱ ወንዞች ናቸው፤ ከእነርሱም ገና ሐይቁ ሳይደርሱ ለመስኖ ይቀዳል።

የዝዋይ ትርፍ ውሃ የሚሄድበትንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቡልቡላ የሚባል ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ መውጫ የለውም፤ የመጣለትን ተቀብሎ ለፀሐይ ይሰጣል። እንግዲህ ዝዋይ ሲጐድል መጀመሪያ የሚጠማው አብያታ ነው። ከውሃው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ፣ ቡልቡላም በመንገድ ሲሳብ፣ አብያታ በ1960ዎቹ ከነበረው ስፋት ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ጨዋማነቱ እየበረታ ሄዶ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴት ላይ ጫጩት የሚያሳድጉት ፔሊካኖች ቀድሞ ቀለባቸውን ከጐረቤታቸው ከአብያታ ያገኙ ነበር፤ ያ ሲቀር እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። በጧት በጀልባችሁ አጠገብ የሚያልፈው ነጭ ወፍ፣ እንደ እናንተ፣ ከሩቅ ሀገር ለጉዳይ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመንግሥት ሠራተኛ የምናገርበት የተለየ ምክንያት አለኝ። ስለ ሐይቅ የሚወሰነው ነገር የሚወሰነው በሐይቁ ላይ አይደለም፤ በጠረጴዛ ላይ ነው። ከሐይቁ ውሃ ለመሳብ የሚቀርብ ማመልከቻ፣ ለፓምፕ መግዣ የሚጠየቅ ብድር፣ ለእርሻ የሚሰጥ መሬት፣ ለከተማ ውሃ የሚያዝ በጀት ሁሉ በአንድ መዝገብ ቤት በኩል አልፎ ከአንድ ሠራተኛ እጅ ይደርሳል። እያንዳንዱ ጥያቄ ብቻውን ሲታይ ትክክል ነው። የመቂ ገበሬ ሽንኩርቱን ማጠጣት አለበት፤ እኛም እንበላዋለን። የአበባው እርሻ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆኗል። የባቱ ሕዝብ መጠጣት አለበት። ስለዚህ ሠራተኛው ተገቢውን ፊርማ አድርጎ ፋይሉን ያሳልፋል። ችግሩ ግን ከአንዱ ፋይል ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በፋይሎቹ ድምር ነው፤ ፋይሎቹም በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት፣ በልዩ ልዩ ሣጥን ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ፋይል ላይ ሐይቁ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ያን መግፊያ እንጨት በእጁ ይዞ ጭቃውን የነካ ሰው ግን ሁለተኛ ማመልከቻ ሲመጣለት ቢያንስ «ከዚህ በፊት የተፈቀደው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው በየአዳራሹ የሚያዘጋጁትን ስብሰባ አንዱን እንኳ በጀልባ ላይ ቢያደርጉት፣ የሻይና የቆሎው ወጪ ለኪራዩ በበቃ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ደሴቶቹ እንሂድ። ከሁሉ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ትልቁ ተራራ ማለት ነው። በሞተር ጀልባ ከባቱ እስከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ደሴቶቹ ከውሃ በላይ የቀሩ የተራራ ራሶች ስለሆኑ፣ ከጀልባ የወረደ ሰው ወዲያው ዳገት ይጀምረዋል። የቢሮ ጫማ ያደረገ ሰው እዚህ ላይ ይፀፀታል። ከላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ በዚች ደሴት ለብዙ ዘመን ተቀምጣለች። ታሪኩን እንደ እምነቱ የሚቀበለው ይቀበለዋል፤ በደሴቲቱ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው መቆየታቸው ግን በዐይን የሚታይ ነገር ነው። መጻሕፍቱን ለማየት የሚወድ ሰው ካህናቱን በትሕትና ጠይቆ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጠውንም በግልጥ ይስጥ። ብራናውን በእጅ መነካካት ከትልቅ ሰው አይጠበቅም።

የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ዛይኛ ሴማዊ ነው፤ ዘመዶቹም ስልጥኛና የሐረር ከተማ ቋንቋ ናቸው። በውሃ ተከብበው በመኖራቸው ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ቆይተዋል፤ ከዐጼ ምኒልክ ዘመን ወዲህም ከደሴት ወደ የብስ የሚፈልሰው በረከተ። ዳገቱን በድንጋይ እርከን ሠርተው ያርሳሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የጣናን ታንኳ በሚመስል የደንገል ጀልባም ለብዙ ዘመን ሲቀዝፉ ኖረዋል። ዛሬ አብዛኛው ሕዝባቸው በሐይቁ ዳርና በከተሞች ይኖራል። ልጆቻቸው በገበያና በትምህርት ቤት ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ ዛይኛን አጥርቶ የሚናገረው በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ነው። እንግዲህ የውሃው መጠን ለዛይ ሰው የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም። ውሃው ሲሸሽ የጀልባው መቆሚያ ይሸሻል፤ ዓሣው ሲሳሳ ወጣቱ መረቡን ጠቅልሎ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ወጣቱ ሲሄድ ያ ቋንቋ በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ይቀራል። እኔ ከአንድ አዛውንት ሰላምታውን በቋንቋቸው እንዲያስተምሩኝ ጠይቄ ነበር። ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ፣ በአራተኛው ሣቁብኝ፤ ሣቃቸው ግን የደስታ ነበር።

መመለሻውን ከስድስት ሰዓት አታሳልፉት። ነፋሱ ከተነሣ በኋላ ያ የጧቱ መስታወት ተሰብሮ ማዕበል ይሆናል፤ ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጫጭርና ፈጣን ነው፤ ጀልባውንም በሆዱ ይመታዋል። ጀልባ ነጂው «እንሂድ» ሲል «ጥቂት እንቆይ» የሚለው እንግዳ ልብሱን አርሶ ይገባል። በውሃው መዋኘትም አይገባም፤ በዝዋይ ቢልሃርዚያ አለና። ሕፃናቱ እጃቸውን እየነከሩ ሲጫወቱ ማየት ደስ ቢልም መከልከል ያስፈልጋል። ሊዋኝ የፈለገ ላንጋኖ ቅርብ ነው። የያዛችሁትን የፕላስቲክ ጠርሙስ መልሳችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዝዋይ የታየው እምቦጭ ለሐይቁ በቂ ሸክም ነው።

ከጀልባ ስትወርዱ ሰዓቱ የምሳ ነው። በባቱ ዓሣ በብዙ ዐይነት ይሠራል፤ ተጠብሶም፣ በዱለትም፣ በጉላሽም ይቀርባል። ምግብ ቤት ገብታችሁ የቀረበላችሁ ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ፣ ወይስ ዱባ የሚሉት ዓሣ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ቆሮሶ የሐይቁ የጥንት ልጅ ነው፤ ዱባ ግን ከውጭ ሀገር መጥቶ የተጨመረ ነው። አስተናጋጁ «ዛሬ ቆሮሶ ትንንሹ ብቻ ነው የመጣው» ካላችሁ፣ ምክንያቱን ከጧት ጀምራችሁ ያያችሁት ስለሆነ እርሱን አትቈጡት። ከባቱ እስከ ሞጆ በአዲሱ መንገድ ብዙ አይቆይም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በኮንቴይነሮቹ አጠገብ አልፋችሁ፣ በማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ።